ሊቀ ማጠፊያ ሄልገና የናባው ነገር

መጽሐፍ ቅዱስን የሥራ መመሪያ ያደረገ አለቃ ያልገጠመው ሰው፣ ደመወዝ በልቻለሁ ብሎ አያውራ። አለቃ ሁሉ አንድ ነው ያላችሁ ሰው ካለ ሸውዷችኋል። ተራ አለቃ ማሽን ሲበላሽ መካኒክ ይጠራል፤ ይህኛው ነቢይ ይጠራል። ተራ አለቃ ስታጠፉ ይቆጣል፣ ስታለሙ ያመሰግናል፤ ይህኛው ግን ትከሻችሁን መታ መታ አድርጎ "ዛሬ አሮንን አስታወስከኝ" ይላችሁና ይሄዳል። የትኛውን አሮን? ጥጃውን የሠራውን ነው ወይስ በትሩ ያበበችለትን? እሱን እንግዲህ ቤታችሁ ገብታችሁ አስቡበት።

እኔ የማውቀው የዚህ ዘር ቁንጮ አቶ ሄልገ ሩንድክቪስት ይባላሉ። ስሞላንድ ውስጥ፣ ጥድ ለጥድ በተያያዘበት አገር፣ ሊንሄስትራ በምትባል መንደር የበርና የመስኮት ማጠፊያ የሚያመርተው ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። በዚያ አገር አለቃም "አንተ" ነው። ንጉሡ ካልሆነ በቀር አንቱታ የሚገባው ሰው የለም። የኔ አፍ ግን ስንት ዓመት ኖሬም እሺ አላለኝም፤ ስለዚህ እዚህ አንቱ እንዳልኳቸው እቀጥላለሁ። እንዲያውም በሆዴ የምጠራቸው ሊቀ ማጠፊያ ሄልገ እያልኩ ነው።

ሊቀ ማጠፊያ የመሪነትን ሀሁ የቆጠሩት ከሙሴ አማት ከዮቶር ነው። ዮቶር ሙሴን፣ ብቻህን አትልፋ፣ የሺህ አለቃ፣ የመቶ አለቃ፣ የሃምሳ አለቃ፣ የአሥር አለቃ ሹም ብሎ መክሮታል። እሳቸውም አንድ ሰኞ ማለዳ ፋብሪካውን በዚሁ ሥርዓት አደራጁት። ችግሩ ሠላሳ አራት ሰዎች ነን። ሦስት አሥር አለቆች ተሾሙ፤ እኛ አራት ሰዎች ተረፍን። ማሸጊያ ክፍል ጥግ ላይ ካርቶን የምናጥፍ ነን፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ አለቃ የሚባል አልነበረንም። ቆርቆሮ ተጭነው ቅርጽ የሚያስይዙት ማሽኖች፣ ፕሬሶቹ፣ ያሉበት ክፍል ኃላፊ ቬንዴላ ደግሞ የሃምሳ አለቃ ተባለች።

"ሃምሳ ለመሙላት አሥራ ስድስት ሰው ይጎድለኛል። መቼ ነው የምታመጣልኝ?" አለቻቸው።

"እምነት ይኑርሽ" አሏት፣ ፍጹም ከልባቸው።

ለበጋ ሥራ ተማሪ ሲቀጥሩ የተከተሉት የጌዴዎንን መንገድ ነው። ጌዴዎን ወታደሮቹን ውሃ ዳር ወስዶ አጠጣጣቸውን አይቶ አይደል የመረጠው? አቶ ሄልገም ልጆቹን ወደ ሐይቁ ወሰዷቸውና "ጠጡ" አሉ። በእፍኙ ውሃ እየቀዳ ወደ አፉ ያደረሰ ተቀጠረ፤ ተንበርክኮ ፊቱን ውሃው ውስጥ የነከረ ተሰናበተ። አንዷ ግን ከቤቷ የያዘችውን ኮዳ ከቦርሳዋ አውጥታ ገልበጥ አደረገች። አቶ ሄልገ ብዙ ተጨነቁ። መጽሐፉ ስለ ኮዳ የሚለው ነገር የለም። በመጨረሻ ለግማሽ ቀን ቀጠሯት።

የዕቃ ማጠቢያውን ነገርማ ባላወራው ይሻለኛል። እዚያ አገር የፋብሪካ ሁሉ የልብ ቁስል የሻይ ክፍሉ ዕቃ ማጠቢያ ነው፤ የጠጣበትን ኩባያ ሳያጥብ የሚሄድ ሰው አይጠፋም። ሌላው አለቃ "እናትህ እዚህ አትሠራም" ብሎ ይለጥፍበታል። ሊቀ ማጠፊያ ግን ብቻዋን ስታጥብ ላገኟት ሴት አዘኑና ከማጠቢያው በላይ፣ ማርታ ሆይ በብዙ ነገር ትጨነቂያለሽ፣ ማርያም መልካሙን ዕድል መርጣለች የሚል ለጠፉ። ሰው ሁሉ አነበበው። ሰው ሁሉ ማርያም ሆነ። ሳምንት ሳይሞላ በሊንሄስትራ ማጠፊያ ፋብሪካ ንጹሕ ኩባያ የሚባል ነገር ጠፍቶ ቡና በእርጎ ጣሳ ጠጣን።

ቬንዴላ ከባሕር ዳርቻዋ ከተማ ከዮተቦሪ የመጣች ናት። አንደበቷ ዘፈን ዘፈን የሚል፣ ቀልደኛ፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት፤ ቤተ ክርስቲያን የምታውቀው ሰርግ ሲኖር ብቻ ነው። ከባሏ ተለያይታ አንዲት ልጇን ይዛ እዚህ ጫካ ውስጥ ስትገባ ዓመት የምትቆይ የመሰለው ሰው አልነበረም። ቆየች። ከሐይቁ አጠገብ ቤት ገዛች፣ ልጇ ጓደኛ አበጀች፣ እሷም ፕሬሶቹን እንደ ልጆቿ በጠባያቸው ለየቻቸው። ታዲያ በሰኞው የቡና ሰዓት፣ ፊካ በሚሉት፣ አቶ ሄልገ የሳምንቱን የመሪነት ትምህርት ሲሰጡ መጽሐፍ ቅዱሱን የምታነብላቸው እሷ እንድትሆን አደረጓት። ከሁላችን መርጠው እሷን! ሜምፊቦስቴ የሚለውን ስም የጉንፋን መድኃኒት አስመስላ ስታነበው ቀረፋ ዳቦ ያነቀው ሰው ነበር። ቬንዴላ አብራ ሳቀች። ውስጧ ግን ደበነ።

"ሊያሳምነኝ ነው ወይስ ሊያሾፍብኝ? አንዱን ቢነግረኝ ምናለበት" ትል ነበር።

ደግሞ በዚያ የጸደይ ወቅት የሊቀ ማጠፊያ ነገር ሁሉ ባሰበት። መኪናቸውን አቁመው በእግር መምጣት ጀመሩ፤ "ጌታም በእግሩ ነበር" አሉ። አንድ ማለዳ መስቀያ ላይ የተንጠለጠለ የሥራ ቱታ "ሲክስተን፣ እንዴት አደርክ?" ብለው ሰላም አሉት፤ ሽማግሌው ሲክስተን ራሱ ከኋላቸው ቆሞ "ቱታው ከኔ የተሻለ ያዳምጣል" አለ። ከዚያም የግራዎቹ ጉድ መጣ። ማጠፊያ ግራና ቀኝ አለው፤ በሩ ወደየት እንደሚከፈት የሚወስነው እሱ ነው። አቶ ሄልገ ፈርመው ያወረዱት የማምረቻ ንድፍ ሥዕል ላይ ግማሹ ግራ፣ ግማሹ ቀኝ መሆን ሲገባው፣ ጭነቱ በሙሉ ግራ ሆኖ ተመረተ። ደንበኛው በስልክ ጮኸ። እሳቸውስ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? "ግራኙ ናዖድ እስራኤልን አድኗል።" ደንበኛው ናዖድ የሚባል ሠራተኛ እንዳለን ገምቶ ከእሱ ጋር አገናኙኝ አለ።

እንግዲህ ዋናው ነገር የሆነው በግንቦት ነው፣ ሰኞ ዕለት። ከግቢው ማዶ አዲሱ አዳራሽ እየተጠናቀቀ ነበር፤ ከበጋው እረፍት በኋላ ሁላችንም ወደዚያ ልንገባ ነው። አቶ ሄልገ እጃቸውን ኋላ አጣምረው ሦስተኛው ፕሬስ አጠገብ ወደ ቬንዴላ መጡ።

"ቬንዴላ፣ ናባውን ታውቂዋለሽ?"

"ደንበኛ ነው?"

"ተራራ ነው።"

"እሺ" አለች።

"ሙሴ እዚያ ላይ ቆሞ አገሩን አየ። አየው እንጂ አልገባበትም።" ወደ አዲሱ አዳራሽ ዞሩ። "እኔ በጣም አሰብኩበት። አንቺም አስቢበትና ዓርብ እንነጋገር። ቢከብድም እውነቱን መነጋገር ይሻላል።"

ይህን ብለው ሄዱ። ቬንዴላ እጇ ማሽኑ ላይ እንዳለ ቀረች። ይህ የሆነው ደግሞ ባልሆነ ሳምንት ነው። ዮንሾፒንግ ያለ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ነይ ግቢ፣ ኃላፊ እናደርግሻለን ብሏታል፤ መልሷን እስከ ዓርብ ቀን ስድስት ሰዓት ይጠብቃል። እንቢ ልትል ወስና ነበር። ቤቷን ትወዳለች፣ ልጇን ዳግመኛ ከጓደኞቿ መንቀል አትፈልግም፣ ባታወራውም ፋብሪካውንም ትወደዋለች። አሁን ግን እዚህ የምትባረር ከሆነ፣ እዚያ እንቢ ብላ ሁለቱንም አጥታ ቁጭ ልትል ነው።

ምነው ራሳቸውን አትጠይቃቸውም ትሉ ይሆናል። እናንተ ያን አገር አታውቁትም። አለቃን ፊት ለፊት "ልታባርረኝ ነው?" ብሎ መጠየቅ በጭቃ ጫማ ሰው ሳሎን ከመግባት አይተናነስም። ሰው እዚያ ግራ ሲገባው ዝም ይላል፣ ቡና ይቀዳል፣ ከዚያ ሌላ ሰው ይጠይቃል። ቬንዴላም ሲክስተንን ጠየቀች። ሲክስተን የፕሬሶቹን ቅርጽ የሚሠራ ሽማግሌ፣ የጸሎት ቤቱ አገልጋይና የሠራተኛ ማኅበሩ ተጠሪ ነው፤ ሦስቱንም በአንድ ፊት ነው የሚሠራቸው።

"ሲክስተን፣ ሙሴ ናባው ላይ ምን ሆነ?"

ሲክስተን ብስኩቱን ቡናው ውስጥ እንደነከረ ቀና አለ። "ሞተ።"

"ሞተ?!"

"እዚያው። መቃብሩም አይታወቅም።"

"ምን አጥፍቶ?"

"ዓለቱን መታ። ለዓለቱ ተናገር ነው የተባለው፤ እሱ ተናዶ በበትሩ ሁለቴ አቀመሰው።"

የቬንዴላ ፊት ዓመድ መሰለ። ባለፈው ወር አራተኛው ፕሬስ አልነሳም ብሎ ሲያስለቅሳት፣ ሰው ሁሉ እያየ በመፍቻ ሁለቴ አቅምሳዋለች።

"ግን... ውሃው ወጣ?" አለች።

"ወጣ እንጂ፣ ጎረፈ።"

"ታዲያስ! የኔም ፕሬስ ተነሥቷል እኮ!"

"የሙሴም ክርክር እሱ ሳይሆን አይቀርም" አለ ሲክስተን፣ ብስኩቱ ቡናው ውስጥ ሟሙቶ እየሰመጠበት።

"ስማ፣ አሁን እንደ ማኅበር ተጠሪ ልጠይቅህ። ሰው እንዲህ ማባረር ይቻላል?"

ሲክስተን አሰበ። "ሕጉ ስንብት በጽሑፍ ይሁን ይላል። በናባው በኩል ሲመጣ ግን ማኅበሩ እስካሁን አቋም አልያዘም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቬንዴላ የሻይ ክፍሉን መጽሐፍ ቅዱስ በጃኬቷ ሸፍና፣ በምሳ ሰዓት መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ማንበብ ጀመረች። ሙሴ የት ጋ እንደሚጀምር ስላላወቀች ከመጀመሪያው ገጽ ተነሣች። ቤቷም ይዛው ሄደች። የሰው ስም የበዛበትን እየዘለለች፣ መሥዋዕቱን እየዘለለች፣ ሰዎቹን ግን አንድ በአንድ እየያዘች ነጎደች። በማግስቱ ማሸጊያ ክፍል ብቅ ስትል ዓይኗ ቀልቷል።

"ይሄ ሕዝብ እንዴት ያለ ጨቅጫቃ ነው በጌታ!" አለች። "ከባርነት አውጥቷቸው ‘ሥጋ የለም፣ ዱባ የለም፣ ሽንኩርቱ ናፈቀን’ ይሉታል። የማታ ፈረቃ ሠራተኞቼ ቁርጥ! እኔ ሙሴን ብሆን ዓለቱን አይደለም እነሱን ነበር የምመታ።"

ያስና ከት ብላ ሳቀች። ያስና ከቦስኒያ በጦርነቱ ጊዜ የመጣች፣ የማሸጊያው እናት የምንላት ሴት ናት፤ ሙሳን በራሷ መጽሐፍ ታውቀዋለች። "አንቺ ሴትዮ፣ አይዞሽ፣ ገና ሃይማኖት ይዞሽ ቁጭ ይላል" አለቻት።

"ሃይማኖት አይደለም፣ ሥራዬ ነው የያዘኝ።"

አቶ ሄልገም ሳምንቱን ሙሉ አላስቀመጧትም። ረቡዕ ዕለት ፕሬስ ክፍል ገብተው "ቬንዴላ አለች?" ብለው ጠየቁ። ቬንዴላ ከፊታቸው ቆማ ነበር፤ እጇን ብትዘረጋ ትነካቸዋለች። ዓይናቸው ዝም ብሎ አልፏት ሄደ። እሷም ድምፅ አላሰማችም፤ በጀርባ በር ወጥታ ካርቶን መሃል መጥታ ተቀመጠች።

"አጠገቡ ቆሜ አላየኝም!" አለችን። ያቺ ሳቂታ ሴት የካርቶን ጫፍ ትቀድ ነበር። "ሰው ሊያባርሩ ሲሉ እንዲህ ነው፣ እንደ አየር ነው የሚያልፉህ። ምን አደረግኩት? አራት ዓመት ሙሉ ምን በደልኩት?"

ያስና የቴፑን መቁረጫ አስቀመጠች። "አንቺ ሞኝ፣ አለቃ ሲያወራ ስለ ማን ነው የሚያወራው? ስለ ራሱ! ወንድ አለቃ ደግሞ ተራራ ከጠራ አበቃ። ሙሳ እሱ ራሱ ነው።"

ቬንዴላ ከካርቶኑ መሃል ተነሣች። ይህ ጨርሶ አልታሰባትም። በሩጫ ወደ ሲክስተን ሄደች።

"እሱ ሙሴ ከሆነ እኔ ማን ነኝ?"

"ኢያሱ ልትሆኚ ትችያለሽ" አለ ሲክስተን። ፊቷ ሊበራ ሲል ጨመረበት፣ "ግን ከግብፅ ከወጡት አዋቂዎች የገቡት ኢያሱና ካሌብ ብቻ ናቸው። ሌላው በሙሉ በረሃ ቀረ። ስድስት መቶ ሺህ፣ ያውም ወንዶቹ ብቻ ተቆጥረው።"

"ሴቶቹስ?"

"አልተቆጠሩም።"

"ግሩም" አለች ቬንዴላ። "እግዜር ያሳይህ! ሰኞ ዕለት የተባረርኩ ነበር የመሰለኝ፣ ዛሬ ደግሞ ያልተቆጠርኩ ሆንኩ።"

ዓርብ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ጨነቃት። ጓንቷን አውልቃ ወረወረችና የብረት ደረጃውን እየደበደበች ወጣች። ቀጥሎ የማወራውን እሷው ራሷ ነግራኛለች፣ ስትስቅም ስታለቅስም። አቶ ሄልገ ቢሮአቸው ውስጥ መስኮቱ ላይ ቆመው ነበር፤ ብርሃኑ ውስጥ ትከሻቸው ጠብቦ ታያት።

"ሄልገ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ" አለች፣ እንደ ቆመች። "ሙሴው ማን ነው?"

አቶ ሄልገ ዞሩ። "እኔም እሱን አይደል የጠየቅኩሽ?"

"ምን?"

"ሳምንቱን ሙሉ መልስሽን ስጠብቅ ነው የከረምኩ። ስትሸሺኝ ጊዜ ገባኝ። ፊት ለፊት ‘ሂድ’ ማለት ከብዷት ነው፣ ደግ ሰው ናት አልኩ።"

"እኔ? አንተን? ሂድ?"

"ታዲያ ማንን?"

"እኔን! የምባረረው እኔ አይደለሁም እንዴ?"

"አንቺን ማን ያባርርሻል?" አሉ ሊቀ ማጠፊያ፣ ጨርሶ ግራ ተጋብተው። ወንበራቸውን በእጃቸው ፈልገው፣ ዳሰስ አድርገው ተቀመጡ። እንግዲህ ያኔ ነው ቬንዴላ ያየችው፤ መዳሰሱን።

"ዓይኔ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "መሃሉ ጠፍቷል። ዳር ዳሩን አያለሁ። አሁን ፊትሽን ቀጥ ብዬ ሳይ ፊት የለሽም፤ ጆሮሽን ሳይ ነው ትንሽ ብቅ የምትዪልኝ። ሐኪሙ አይመለስም ብሎኛል።"

ቬንዴላ ጠጋ አለቻቸው። የጸደዩ ነገር ሁሉ ባንዴ ተሰለፈባት፦ ቱታው፣ በእግር መምጣቱ፣ የረቡዑ ማለፍ።

"ግራዎቹ ማጠፊያዎችስ?"

"ሥዕሉ ላይ ፊደሏን አላየኋትም። አፈርኩ፤ ሳፍር ናዖድን አመጣሁ።"

"እኔን የምታስነብበኝስ? አራት ዓመት የለፋሁበት ክብሬ በሜምፊቦስቴ አለቀ እኮ!"

"አንቺ ጮክ ብለሽ ነው የምታነቢው፤ ሲክስተን ያጉተመትማል። ሁሉን በቃሌ ይዤው ነበር፤ አሁን እሱም መሃል መሃሉ እየጠፋኝ ነው። ባንቺ ድምፅ ስሰማው ግን ይመለስልኛል።"

አቤት፣ እንዴት ተናደደች! በራሷም በእሳቸውም። "ታዲያ ሰኞ ዕለት ይህን ለምን አትነግረኝም ነበር?"

"ነገርኩሽ እኮ።"

"ናባው ነው ያልከኝ!"

"ታዲያ ከዚህ በላይ እንዴት ይነገራል?" አሉ፤ ለመቀለድ አልነበረም፣ የምራቸውን ነው። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። "ባለቤቶቹ ምርጫውን ለኔ ትተውታል። ቦታውን ላንቺ ልስጥ? ሳትወጂ ሸክም ልጭንብሽ ነው። ወይስ ልቆይ? ሌላ ጭነት ላበላሽ ነው። ደግሞ ያን አዳራሽ ስንት ዓመት ነው የለመንኩት። ገብቼ ድምፁን ልስማ የሚል ስስት ያዘኝ። ሙሴ ልሁን ብዬ ለራሴ እነግረዋለሁ፣ ልቤ ግን እንቢ አለኝ።"

ቬንዴላ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "ሙሴ አይደለህም" አለች።

"እንዴት?"

"አንብቤዋለሁ፣ ሄልገ። በኪሴ የሳንድዊች ፍርፋሪ ሞልቼ አንብቤዋለሁ። ሙሴ እስከሚሞት ድረስ ዓይኑ ደህና ነበር ይላል። ዓይኑ የፈዘዘው ይስሐቅ ነው።"

"ይስሐቅ!" አሉ ሊቀ ማጠፊያ፣ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው።

"አዎ። ግን እሱም መከራ ነው፤ ዓይኑ አላይ ብሎት የተሳሳተውን ልጅ ነው የመረቀው።"

"የተሳሳተውን?" አሁን ሳቃቸው መጣ፤ ሳምንቱን ሙሉ ያልተሰማው ያ የደረት ሳቅ። "አይደለም ልጄ፣ እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ይሳሳታል። ሳያይ የመረቀው ትክክለኛውን ነው። እጅሽን አምጪ።"

ቬንዴላ ጓንቷን ስለወረወረች እጇ ባዶ ነበር፤ ዘይት የጠጣ፣ ጣቶቹ የሻከሩ፣ አውራ ጣቷ ላይ የቆየ የቆርቆሮ ጠባሳ ያለበት እጅ። አቶ ሄልገ በሁለት እጃቸው ይዘው እንደ ማጠፊያ በዝግታ ዳሰሱት።

"ድምፁ የዮተቦሪ ድምፅ ነው" አሉ። "እጆቹ ግን የእኛ ናቸው።"

ልክ ያኔ ኪሷ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። የዮንሾፒንጉ ሰውዬ ነው። ቬንዴላ እንባዋን ሳትጠርግ አነሣችውና "ይቅርታ አድርግልኝ፣ አልመጣም፤ ኢያሱ ሆኛለሁ" አለችው። ሰውዬው ከወዲያ ምን እንዳለ አልነገረችኝም። ግራ እንደገባው ግን እርግጠኛ ነኝ።

አዲሱን አዳራሽ የከፈትነው በነሐሴ ነው። በሮቹን ሁሉ ሲክስተን የገጠማቸው ደንበኛው በመለሳቸው የግራ ማጠፊያዎች ነው፤ ስሞላንድ ውስጥ የሚጣል ነገር የለም። ስለዚህ እዚያ ሕንጻ ውስጥ ያለ በር በሙሉ ወደ አንድ ወገን ነው የሚከፈተው፤ ይኸው እስከ ዛሬ ግንባር ለግንባር እንጋጫለን። አዲሷ ሥራ አስኪያጅ ቬንዴላ አቶ ሄልገን በክንዳቸው ይዛ ከሁላችን ፊት አቆመቻቸውና "ቅደም፣ አንተ ሙሴ አይደለህም" አለቻቸው። እሳቸው በሩን በእጃቸው አገኙት፣ ማጠፊያውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፣ "ግራ" አሉ፣ ፈገግ ብለው ገቡ። እኛም ሠላሳ አራታችን ተከትለናቸው፣ እንደ ሁልጊዜው ግራ እየገባን ገባን።

ጡረታ ወጥተው ቤታቸው የተቀመጡ እንዳይመስላችሁ። የግራውንና የቀኙን ማጠፊያ በጣታቸው ብቻ ስለሚለዩት፣ ቬንዴላ በሳምንት ሦስት ቀን ማሸጊያ ክፍል እንዲመጡ አድርጋለች። በዮቶር ሥርዓት አለቃ ያጣነው አራታችን አሁን አለቃ አለን። አሥር አለቃችን ናቸው፤ ስድስት ሰው ይጎድላቸዋል። የጎደሉት መቼ ይመጣሉ ስላቸው "እምነት ይኑርህ" ይሉኛል።

ባለፈው ሰኞ ደግሞ ሊሄዱ ሲነሡ ወደ እኔ መጡ። ማለቴ እኔ የቆምኩ መስሏቸው፣ መስቀያው ላይ ወደተንጠለጠለው ቱታዬ። ትከሻውን መታ መታ አደረጉትና በሙሉ ፍቅር "ዛሬ አሮንን አስታወስከኝ" አሉት። ጥጃው ይሁን በትሩ አልጠየቅኩም። ቱታው አጠገብ ጠጋ ብዬ ቆምኩና "አመሰግናለሁ፣ ሄልገ" አልኳቸው።